ስንት አምፑል ይበቃል?

በዚህ ዓምድ የሕክምና ተማሪዎችና በሥራ ላይ ያሉ ባለሙያዎች ስለ መድኃኒትና ስለ መርዝ ለሚልኩት ጥያቄ ደብረ ብርሃን የሚያስተምሩ የውስጥ ደዌ ሐኪም መልስ ይሰጣሉ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ደብረ ብርሃን የ4ኛ ዓመት የሕክምና ተማሪ ነኝ፤ ለፋርማኮሎጂና ለቶክሲኮሎጂ ፈተና እየተዘጋጀሁ ነው። የእያንዳንዱን መርዝ ማርከሻና መጠን በትንንሽ ካርድ ጽፌ እሸመድዳለሁ፤ በማግሥቱ ግማሹ ጠፍቶ አገኘዋለሁ። ኦርጋኖፎስፌት በተባለ የተባይ መርዝ ለተመረዘ ሰው የሚሰጠው የአትሮፒን ከፍተኛ መጠን ደግሞ አንዱ ማስታወሻ ላይ አንድ፣ ሌላው ላይ ሌላ ሆኖብኛል። ስንት አምፑል ይበቃል? እንዴትስ ባጠና ይሻለኛል?

መልስ፦ ልጄ፣ ማስታወሻዎችሽ ያልተስማሙት ለዚህ መድኃኒት የተቆረጠ ጣሪያ ስለሌለው ነው። አትሮፒን የሚበቃው የታማሚው ደረት ሲደርቅ ነው። ይህን እኔ የተማርኩት ከአልጋ አጠገብ ስለሆነ፣ እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ።

የዛሬ 20 ዓመት ገደማ፣ ሥራ በጀመርኩበት ሆስፒታል ተረኛ ሆኜ ሳለሁ፣ ከመንዝ አንድ ወጣት በአይሱዙ ተጭኖ መጣ። ቀኑን ሙሉ በጎቹን ለቅማልና ለእከክ ዲያዚኖን የተባለ ኦርጋኖፎስፌት ሲረጭ ነው የዋለው፤ እጁን ሳይሸፍን፣ ነፋሱም ወደ ፊቱ እየመለሰበት። አፉ ለሃጭ ይደፍቃል፣ ላቡ ፊቱን አጥቦታል፣ የዓይኑ ብሌን የመርፌ ጫፍ አክሏል፤ ደረቱ ደግሞ እሳት ላይ እንደ ተረሳ ጀበና ይንተከተካል። በሽታውን ለማወቅ አልተቸገርኩም። 2 ሚሊግራም አትሮፒን ሰጠሁ፤ ከ5 ደቂቃ በኋላ 4። በዚህ ጊዜ የልብ ምቱ 124 ገባ። አትሮፒን ልብ ያፈጥናል ብዬ ሸምድጄ ነበርና፣ «ልቡን ልገድለው ነው» ብዬ መርፌውን አስቀመጥኩ።

በዕድሜ እናቴ የሚሆኑ ነርስ አጠገቤ ቆመው ነበር። የወጣቱን የእጅ አንጓ የያዘውን እጄን ቀስ አድርገው አነሡና፣ «ዶክተር፣ ልቡን ይተዉትና ደረቱን ያዳምጡት» አሉኝ። አዳመጥኩ። ግራውም ቀኙም ውኃ ነበር። ያ ልጅ በገዛ ፈሳሹ እየሰመጠ ነበር፤ እኔ ግን የልቡን ምት እቆጥራለሁ። 8 ሰጠነው፣ ከዚያም 16። አምፑሉ ባለ 1 ሚሊግራም ስለነበር የብረት ሳህኑ ላይ 30 ባዶ አምፑል ተከመረ። ያኔ ብብቱ ደረቀ፣ ደረቱም ጠራ። የፈራሁት የልብ ምት ከነበረበት ብዙም አላለፈም። እኒያ ነርስ ባይኖሩ ኖሮ በ6 ሚሊግራም ቆሜ ነበር።

ስለዚህ ካርድሽ ላይ ከመጠኑ ይልቅ ማቆሚያውን ጻፊ። በየ5 ደቂቃው ታያለሽ፤ ካልተሻለው የቀደመውን መጠን እጥፍ ትሰጫለሽ። የምትፈልጊው የጠራ ደረት፣ ከ80 በላይ የሆነ የልብ ምት፣ ከ80 በላይ የሆነ የላይኛው የደም ግፊት፣ የደረቀ ብብትና ከመርፌ ጫፍነት የወጣ ብሌን ነው። ከሁሉ የሚቀድመው ደረቱ ነው። ብሌን ቀስ ብሎ ነው የሚከፈተው፤ እሱን ስትጠብቂ እንዳትዘገዪ። የልብ ምት መፍጠኑም አትሮፒንን አያስከለክልም፤ አየር ያጠረው ሰው ልቡ ይፈጥናልና። ደረቱ ከጠራ በኋላ እዚያ ለመድረስ ከወሰደብሽ ጠቅላላ መጠን ከ10 እስከ 20 በመቶውን በየሰዓቱ በግሉኮስ ታንጠባጥቢለታለሽ። ለዚያ ወጣት 30 ሚሊግራም ስለወሰደ በሰዓት ከ3 እስከ 6 ሚሊግራም ማለት ነው።

ቀሪውን መሸምደድ አያስፈልግሽም፤ ከአንድ ነገር ይመዘዛል። መርዙ አሴቲልኮሊንን፣ ማለትም ነርቭ መልእክቱን የሚያስተላልፍበትን ኬሚካል፣ የሚያፈርሰውን ኢንዛይም ያስራል፤ አሴቲልኮሊን ይከማቻል። ሙስካሪኒክ ተቀባይ ባለበት ሁሉ፣ ማለትም በዕጢዎች፣ በአየር ቧንቧ፣ በአንጀት፣ በፊኛና በብሌን፣ እርጥበትና መጨማደድ ይበዛል፤ በልብ ላይ ደግሞ ምቱን ሊያዘገይ ይችላል። ኒኮቲኒክ ተቀባይ ባለበት በአጥንት ጡንቻ ደግሞ ሥጋው ከቆዳ ሥር ይርገበገባል፣ ኋላም ይዝላል። አትሮፒን የሚዘጋው የመጀመሪያውን በር ብቻ ነው። ደረቱ ጠርቶ ጡንቻው ስለተርገበገበ ብቻ አትሮፒን የሚጨምር ተማሪ ፈተናውንም ታማሚውንም ይስታል። የጡንቻ መዛልን የሚያክመው ኦክስጅንና የመተንፈሻ መሣሪያ ነው። ከ24 እስከ 96 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ፣ ዳነ ባልሽው ሰው ላይ ይህ ድካም ሊመጣ ይችላል። በየራውንዱ «እስቲ ራስህን ከትራስ ቀና አድርግ» በይው። አንገቱን ማንሣት ያቃተው ሰው ከሰዓታት በኋላ መተንፈስ ሊያቅተው ይችላል፤ ይህን የሚነግርሽ የላቦራቶሪ ውጤት የለም።

የአትሮፒን መብዛት ምን እንደሚመስልም አገርሽ ስም አውጥቶለታል። በየቆሻሻው ዳር የሚበቅለው፣ ነጭ የመለከት አበባና እሾሃማ ፍሬ ያለው ተክል አስተናግር ይባላል። ውስጡ አትሮፒንና ስኮፖላሚን አለ። የበላው ሰው የሌለን ሰው ያነጋግራል፤ ስሙ ራሱ ምልክቱን ይዟል። አፉ ይደርቃል፣ ቆዳው ይግላል፣ ብሌኑ ይሰፋል፣ ሽንቱ ይታገዳል፣ አንጀቱ ዝም ይላል፤ የጋቢውን ክር እየመዘዘ ሲለቅም ታያለሽ። በአትሮፒን የምታክሚው ሰው ጋቢ መልቀም ከጀመረና ሆዱ ላይ የአንጀት ድምፅ ከጠፋ ከልክ አልፈሻል። የሚንጠባጠበውን አቁሚ፤ ከ30 ደቂቃ በኋላ ጀምሮ እየደጋገምሽ እዪው፤ ሲረጋጋ ከቀድሞው ፍጥነት ከ70 እስከ 80 በመቶ በሚሆነው ጀምሪ። ኦርጋኖፎስፌትንና አስተናግርን በአንድ ካርድ ግራና ቀኝ አድርገሽ ብትጽፊያቸው አንዱ ሌላውን ያስታውስሻል።

ሌላው ማርከሻ ፕራሊዶክሲም የታሰረውን ኢንዛይም የሚፈታው እስሩ ሳያረጅ፣ ማለትም የማይፈታ ከመሆኑ በፊት ነው። በማላታይን የታሰረው ኢንዛይም ግማሹ ለማርጀት 4 ሰዓት እንኳ አይፈጅበትም፤ በዲያዚኖን ከሆነ ከአንድ ቀን በላይ ይወስዳል። ስለዚህ የትኛው መርዝ እንደሆነ እንድታውቂ የቤተሰቡን ሰው ጠርሙሱን እንዲያመጣ ላኪው። ይሁንና የፕራሊዶክሲም ጥቅም በጥናቶች ሁሉ እኩል አልታየም። ኦክስጅንና አትሮፒን እሱን አይጠብቁም።

አንድ ነገር መጽሐፍ ላይ ቢጻፍም እዚህ ብርዱ ያስረሳዋል። የዚያን ወጣት ልብስ አውልቀን በሳሙናና በውኃ አጠብነው። ዘወር ስንል አባቱ አዝነውለት በመጣበት ባና መልሰው ሸፈኑት። ያ የበግ ጠጉር ባና ቀኑን ሙሉ ዲያዚኖን ሲጠጣ የዋለ ነው። አባትየው ልጃቸው ደብረ ብርሃን ሌሊት ላይ ራቁቱን ሲሆን ማየት አልቻሉም። ልብሱን ስታስወልቂ የሚለብሰውን ንጹሕ ብርድ ልብስ ቀድመሽ አዘጋጂ። ባናውን በላስቲክ ቋጥረሽ ከክፍሉ አውጪ፤ አንቺም ጓንት አድርጊ።

ጥያቄ፦ በሸዋ ሮቢት የምሠራ ተለማማጅ ሐኪም ነኝ። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ፌኖባርቢታል ከጀመረ 6 ቀኑ ነው፤ አሁንም ይጥለዋል። መጠኑን ልጨምርለት? የመነሻ መጠንና የዘወትር መጠን ልዩነትም ዘወትር ይምታታብኛል።

መልስ፦ አትቸኩል። የፌኖባርቢታል ግማሽ ዕድሜ፣ ማለትም በደም ውስጥ ያለው መጠን በግማሽ የሚቀንስበት ጊዜ፣ በአዋቂ ሰው ከ3 እስከ 5 ቀን ነው። ማንኛውም በቋሚ መጠን የሚወሰድ መድኃኒት በአንድ ግማሽ ዕድሜ የመጨረሻ ልኩን 50 በመቶ፣ በሁለት 75፣ በሦስት 87.5፣ በአራት 94 ገደማ ይደርሳል። የአንተ ታማሚ ገና ግማሹን አልፎ ቢሆን ነው። ሙሉ ልኩን ለማየት 2 ወይም 3 ሳምንት ያስፈልጋል። ዛሬ ብትጨምርለት በ3ኛው ሳምንት ሲንገዳገድና ሲያንቀላፋ ታገኘዋለህ። እስከዚያው ኪኒኑን በየቀኑ መዋጡን አረጋግጥ፤ ከእሳትና ከወንዝ እንዲርቅም ለቤተሰቡ ንገር። ጥሎት ከ5 ደቂቃ በላይ ከቆየ ወይም ሳይነቃ ከደጋገመው ግን ይህ ሁሉ ቀርቶ የድንገተኛ ሕክምና ነው።

ለሁለተኛው፣ የጠላ ጋን አስብ። ጋኑን በአንዴ ለመሙላት ማወቅ ያለብህ የጋኑን ስፋት ነው፤ ያ የመነሻ መጠን ነው። ሞልቶ እንዲቆይ ደግሞ በየቀኑ የሚቀዳውን ያህል ትመልሳለህ፤ ያ የዘወትር መጠን ነው። ኩላሊት ሲደክም የሚቀዳው ያንሳል እንጂ ጋኑ ያው ነው። ስለዚህ በኩላሊት የሚወጣ መድኃኒት ከሆነ የዘወትሩን ትቀንሳለህ፤ መነሻውን ብዙውን ጊዜ አትነካም። የልብ መድኃኒቱ ዲጎክሲን ግን ከዚህ ይወጣል። በኩላሊት ድካም ጋኑም ይጠብባልና መነሻውም ይቀነሳል። ፈታኞች ይህችን ይወዷታል።

ጥያቄ፦ ከእነዋሪ አካባቢ የምጽፍልዎ የጤና መኮንን ነኝ። ለነቀዝ እህል ውስጥ የሚከተተው ኪኒን ማርከሻው ምንድን ነው? አትሮፒን ይሠራል?

መልስ፦ አይሠራም፤ ይህ መርዝ ማርከሻ የለውም። ስማቸው ስለሚቀራረብ ተማሪዎቼም ይሳሳታሉ። ያኛው፣ አትሮፒን የሚሠራበት፣ ኦርጋኖፎስፌት ነው፣ ይህኛው አሉሚኒየም ፎስፋይድ። እርጥበት ሲነካው ፎስፊን የተባለ ጋዝ ያወጣል፤ ጋዙ ሕዋስ በኦክስጅን እንዳይጠቀም ያደርጋል፤ ልብን ክፉኛ ይመታል። ለሃጭ የለ፣ የጠበበ ብሌን የለ፤ አትሮፒን የሚያደርቀው ነገር የለም። የሚቻለው ታማሚውን ወደ ንጹሕ አየር ማውጣት፣ ኦክስጅን መስጠት፣ የደም ግፊቱን መደገፍና ጊዜ ሳያጠፉ ከፍ ወዳለ ሆስፒታል መላክ ነው። የሚታከምበትን ክፍል መስኮት ይክፈቱ፤ ከትውከቱ የሚወጣው ጋዝ እርስዎንም ይጎዳል።

አንድ ልመና አለኝ። አንድ ቤተሰብ ጠዋት ላይ አብሮ ራሱን እያመመው፣ እያስመለሰውና ደረቱ እየተጨነቀ ከመጣ፣ «ማታ ምን በላችሁ?» ብለው ብቻ አይለፉ። «እህሉ መድኃኒት ተደርጎበት ነበር? የትኛው ክፍል ነው ያደራችሁት?» ብለውም ይጠይቁ።