እናቴ ስትገባ ሪሞቱ ጠፋብኝ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጓደኛዬ «ኬሪ ኦን» የሚባሉትን የድሮ የእንግሊዝ ኮሜዲዎች በፍላሽ ሰጥቶኝ እያየሁ ነው። ቤታችን አራት ኪሎ ነው፣ ያለን ቴሌቪዥን ደግሞ የሳሎኑ ብቻ። እሁድ ዕለት ብቻዬን እየተንከተከትኩ እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ ገባች። ሪሞቱን ሶፋው ሥር ስፈልግ ያለቀው አለቀ። ፊልሞቹ ናቸው ባለጌ ወይስ እኔ? ከየትኛውስ ብጀምር ይሻለኛል?

መልስ፦ ሁለታችሁም! ቆይ፣ አትቆጣ። የእ.ኤ.አ. 1960ዎቹን ምርጦች ልብ ብለህ ብታያቸው በዓይን የሚታይ ብልግና እምብዛም የላቸውም። አንዱ ተራ ነገር ይናገራል፣ ተዋናዩ ኬኔት ዊልያምስ አፍንጫውን ነፍቶ ያፈጥበታል፣ ሌላው ተዋናይ ሲድ ጄምስ ያንን ከጉሮሮው ሥር የሚወጣ ሳቁን ይለቀዋል፣ የቀረውን አንተው በጭንቅላትህ ትጨርሰዋለህ። ካዛንቺስ አዝማሪ ቤት ያመሸ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፤ አዝማሪው ሰሙን ይሰጥሃል፣ ወርቁን አውጥተህ ከሳቅክ ጥፋቱ የራስህ ነው። (ለእናትህ ግን ይህን ማስረጃ አታቅርብ።)

እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1978 ድረስ 30 ፊልም ሠርተዋል፤ ሁሉንም ያዘጋጀው ጄራልድ ቶማስ፣ ፕሮዲውሰሩ ደግሞ ፒተር ሮጀርስ ነው። በ1992 አንድ ጨምረውበታል፣ እሱን ባታየው አይቆጭህም።

እኔን የሚገድለኝ ቁጠባቸው ነው። የ1964ቱን «ኬሪ ኦን ክሊዮ» ውሰድ። የኤልዛቤት ቴይለር ፊልም «ክሊዮፓትራ» ለንደን አጠገብ ካለው ፓይንዉድ ስቱዲዮ ወደ ሮም ሲዛወር ትቶት የሄደውን ዲኮርና ልብስ አንስተው ቀልድ ሠሩበት! እዚያው ላይ ቄሳር ሊገድሉት ሲመጡ «ኢንፈሚ! ኢንፈሚ!» ብሎ ይጮኻል። ቃሉ ነውር፣ ክህደት እንደማለት ነው፤ ቀጥሎ ግን ያንኑ ድምፅ «ኢን ፎር ሚ» ብሎ ሰንጥቆ «ሁሉም ጠምደውኛል» ወደሚል ያዞረዋል። «ዓለማየሁ» ብለህ ሰው ጠርተህ «ዓለም አየሁ» ብለህ እንደመጨረስ ነው። ሰብታይትል ላይ ይህ ሁሉ ድራሹ ይጠፋል፣ ስለዚህ እንግሊዝኛው ቢያስቸግርህም በጆሮህ ስማው።

«ኬሪ ኦን ካምፒንግ» ደግሞ የበጋ ሽርሽር ነው ይሉሃል። የተቀረጸው ግን በ1968 መጸው፣ በዚያ አገር ብርድ ነው። ሜዳው ጭቃ ስለሆነ አረንጓዴ ቀለም ረጩበት! ተዋናይዋ ባርባራ ዊንድሰር ስፖርት ስትሠራ ጡት መያዣዋ ተስፈንጥሮ የሚሄድበትን ቦታ ሳታየው አትቀርም (ምናልባት እናትህ የገቡትም እዚያው ላይ ነው)። የሳበው የዓሣ ማጥመጃ ክር ነው። ይህንን ካወቅኩ በኋላ ያንን ቦታ ሳይ ዓይኔ የሚፈልገው ክሩን ነው ብልህ ግን አታምነኝም።

ለመጀመር የ1968ቱን «አፕ ዘ ካይበር» እይ። የሕንድ ድንበር ተራራ ብለው የሚያሳዩህ ዌልስ ነው፣ እሱን እለፈው። መጨረሻ ላይ ያለውን የእራት ግብዣ ጠብቅ፤ ቤቱ በመድፍ ይደበደባል፣ የጣሪያው ልስን በላያቸው ላይ ይወርዳል፣ እነሱ ግን እንደ ጨዋ ሰው እራታቸውን እየበሉ ጨዋታቸውን ይቀጥላሉ። እዚያ ላይ እናትህም ቢሆኑ የሚስቁ ይመስለኛል። ካምፒንጉን ግን እሳቸው ቅዳሴ ሲሄዱ ጠብቀህ፣ ሪሞቱንም በእጅህ ይዘህ።