መብራቱ የጠፋው ለሁለት ቀን ብቻ ነው

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከአዳማ ነው። የ2004 ሞዴል ኮሮላዬ ላይ በዘይት የሚርስ የጨርቅ የአየር ፊልትሮና የአሉሚኒየም የአየር ቱቦ አስገጠምኩ። በሳምንቱ የ«ቼክ ኢንጅን» መብራት በራ፤ የብልሽት ኮድ ማንበቢያው ፒ0171 አለ። መካኒኩ ባትሪውን ነቅሎ ሲመልሰው ጠፋ፤ በሦስተኛው ቀን ግን እንደገና በራ። ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ነዳጅ ሳልሰጠው ቆሞ ሲሠራ፣ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፤ ነዳጅ ስሰጠው ደህና ይሆናል። የኦክስጅን ሴንሰር ቀይር ተብያለሁ። ልግዛ?

መልስ፦ አይ ወንድሜ፣ አሁን አትግዛ። ፒ0171 የሚለው «ለገባው አየር ነዳጁ አንሷል» ብቻ ነው፤ የተበላሸውን ዕቃ ስም አይጠራም። እንዲያውም ለሞተሩ ኮምፒውተር ይህን የነገረው፣ በጭሱ ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን የሚለካው ራሱ የኦክስጅን ሴንሰሩ ነው። እኔም ከዓመታት በፊት እንዲሁ ተሳስቼ ደንበኛዬን ያለ አግባብ ወጪ አስወጥቻለሁ። ሴንሰሩ አዲስ ሆነ፣ መብራቱ በሳምንቱ ተመለሰ። ገንዘቡን ብመልስለትም እስካሁን ይቆጨኛል።

ባትሪ መንቀልም መድኃኒት አይደለም። ኮምፒውተሩ ለዚህ ኮድ መብራቱን የሚያበራው ጉድለቱን በተከታታይ ሁለት ጉዞዎች ላይ ሲያይ ስለሆነ፣ በመካከሉ መኪናው የዳነ ይመስላል። በዚያ ላይ መብራቱ ሲበራ የተመዘገበው የሞተር ዙር፣ ሙቀትና ፍጥነት አብሮ ይጠፋል። መካኒክ የሚመራበት ማስረጃ ደግሞ ያ ነበር።

እኔ የምጠረጥረው አዲሱን ቱቦ ነው። የአየር መጠን ሴንሰሩ ከፊልትሮው አጠገብ ነው፤ ከእሱ አልፎ በቀዳዳ የሚገባ አየር ሳይቆጠር ይገባል። ሚኒሞ ላይ ሞተሩ የሚስበው አየር ጥቂት ስለሆነ ያልተቆጠረው ጎልቶ ይወጣል፤ ዙር ሲጨምር ይዋጣል። የነገርከኝ ምልክት ከዚህ ጋር ይገጥማል።

ኮፈኑን ክፈት። ከሞተሩ የላይ ክዳን ወጥታ ወደ አየር ቱቦው የምትገባ ጥቁር የጎማ ቱቦ አለች። ባለፈው ወር ያየሁት አንድ ኮሮላ ላይ፣ የአሉሚኒየሙ አፍንጫ ስለሰፋ ጎማዋን በግድ አጥልቀዋት ከሥር ተሰንጥቃ ነበር። ከላይ ሲያዩዋት ደህና ናት፤ ስንጥቁን ያገኘሁት ጣቴን ከሥሯ ሳሳልፍ ነው። ቱቦውን ዙሪያውን የሚያጠብቁትን ፋሼታዎችም አንድ በአንድ ፈትሽ፤ አንዱ ከቱቦው ጠርዝ ወጥቶ ባዶ ጎማ ላይ ጠብቆ ሊሆን ይችላል።

ቀዳዳ ካጣህ ወደ ፊልትሮው ተመለስ። የአዳማን አቧራ ፈርተው ዘይት የሚያበዙ አሉ፤ ትርፉ ዘይት ተስቦ የአየር ሴንሰሩ ቀጭን ሽቦ ላይ ይለጠፍና ንባቡን ያሳስታል። ይህኛው ግን ይበልጥ የሚያስቸግረው በፈጣን መንገዱ ላይ ስትፈጥን ነው። ሽቦውን በጨርቅም በካርቡራተር ማጽጃም አትንካው፤ ለእሱ ብቻ የተሠራ የሚረጭ ማጽጃ አለ። ረጭተህ በደንብ ሳይደርቅ አትግጠመው።

አሁንም ከተጠራጠርክ የፋብሪካውን ቱቦና ፊልትሮ መልሰህ ኮዱን በማንበቢያው አስጠፋ፤ ለጥቂት ቀናት ሞጆ ድረስ እየሄድክ ተመለስ። መብራቱ ካልመጣ የኦክስጅን ሴንሰሩ ነጻ ነው።

አንድ ነገር ግን አደራ፦ መብራቱ ሳይቋረጥ ከመብራት ይልቅ ብልጭ ድርግም ማለት ከጀመረ ጉዞህን አትቀጥል። ሲሊንደር ውስጥ ሳይቃጠል የቀረ ቤንዚን ወደ ጭስ ማውጫው እየወረደ ነው ማለት ነው፤ እዚያ ሲነድ ጭሱን የሚያጣራውን ካታሊስት ያቀልጠዋል፤ የእሱ ዋጋ ደግሞ ከሴንሰሩ ጋር አይወዳደርም።