ያለ መኪና ቅዳሜና እሁድ በዋሽንግተን ዲሲ

ለስድስት ወር ዲሲ ከሆናችሁ፣ መኪና ከሌላችሁና ልጆቹ ትንንሽ ከሆኑ ስሚዝሶኒያን የተባለው የሙዚየሞችና የመካነ አራዊት ተቋም ይበቃችኋል። ሙዚየሞቹም መካነ አራዊቱም መግቢያቸው ነፃ ነው።

1. ቅዳሜ መካነ አራዊት። በሜትሮ ባቡር ቀዩን መስመር ይዛችሁ ክሊቭላንድ ፓርክ ጣቢያ ውረዱ። በዉድሊ ፓርክ ጣቢያ በኩል ዳገት ስለሆነ የልጅ ጋሪ ለሚገፋ ይከብዳል። ፓንዳዎቹን በጠዋት እዩ።

2. እሁድ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም። ልጆች ዳይኖሰሮቹን ይወዷቸዋል፤ በአንድ ቀን ሁለተኛ ሙዚየም አትጨምሩ።

ምሳ ቋጥራችሁ ውጡ። የሙዚየም ካፌ ውድ ነው፤ ደግሞ ሣሩ ላይ ቁጭ ብሎ መብላት ደስ ይላል።

አደራ፣ ለመካነ አራዊቱና ለአየርና ጠፈር ሙዚየም የነፃ ትኬት ቀድማችሁ በኢንተርኔት ያዙ። ለሕፃኑም ጭምር። ሳይዙ መጥተው በር ላይ ልጆቻቸው ሲያለቅሱባቸው ያየኋቸው ወላጆች ብዙ ናቸው።