ከጓሮ እስከ ኦቨን፦ የጋዙ ቱቦ ስንት ኢንች ይሁን?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። ቤቴ ዳቦና ኬክ ጋግሬ ለሱቆች አስረክባለሁ። የጋዝ ኦቨንና ባለ አራት ምድጃ ቡታ ጋዝ አለኝ። ኦቨኑ 12 ኪሎዋት፣ ምድጃው 8 ኪሎዋት ይላል። ሲሊንደሩ ኦቨኑ ሥር ስለሆነ ፈርቼ ወደ ጓሮ ላወጣው ነው። ርቀቱ 14 ሜትር ይሆናል፤ አምስት ቦታ ይታጠፋል። አንዱ ባለሙያ «በውሃ ፕላስቲክ ቱቦ መሬት ውስጥ ቀብሬ አደርስልሻለሁ» አለኝ። ሌላው «ረጅም ጎማ ግዢ፣ በቃ» ይላል። አሁንም ቢሆን ሁለቱ አብረው ሲበሩ እሳቱ ይደክማል። ሲሊንደሩ ራስ ላይ ያለው የግፊት መቆጣጠሪያ፣ ሬጉሌተሩ፣ ላይ 1 ኪ.ግ በሰዓት የሚል ተጽፏል። ምን ልግዛ?

መልስ፦ እህቴ፣ ሁለቱንም እምቢ ይበሉ። ሲሊንደሩን ለማውጣት ማሰብዎ ግን ትክክል ነው። ሬጉሌተሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ ማንበብዎ ደግሞ ሥራዬን በግማሽ አቀለለልኝ።

ከሱ ልጀምር። ኦቨኑና ምድጃው ሲደመሩ 20 ኪሎዋት ናቸው። አንድ ኪሎ ጋዝ ሲነድ ወደ 12.8 ኪሎዋት ሰዓት ይሰጣል። 20ን ለ12.8 ያካፍሉ፤ በሰዓት ከአንድ ኪሎ ተኩል ትንሽ ይበልጣል። ሬጉሌተርዎ የሚያሳልፈው አንድ ኪሎ ነው። እሳቱ የሚደክመው ለዚህ ነው። ሲሊንደር ቢቀይሩም አይሻለውም። በሰዓት ቢያንስ 2 ኪሎ የሚያሳልፍ፣ ግፊቱ መሣሪያዎችዎ ላይ ከተጻፈው ጋር የሚገጥም ይግዙ። አብዛኛው የቤት ዕቃ 30 ሚሊባር አካባቢ ነው።

ሲሊንደሩም የራሱ አቅም አለው። ውስጡ ያለው ፈሳሽ ነው፤ ወደ ጋዝ ሲለወጥ ሙቀት ይስባል። ብዙ ሲጎተት ይቀዘቅዛል፣ ገላው ላብ ያልበዋል፣ ግፊቱም ይወርዳል። የድሬ ሙቀት እዚህ ላይ ይረዳናል፤ ቢሆንም ለሰዓታት ለሚጋገር ሥራ አንድ ባለ 12.5 ኪሎ አይበቃም። ሁለት ሲሊንደር ጎን ለጎን አያይዘው አንድ ላይ ይክፈቷቸው።

አሁን ወደ ቱቦው። ሙያውን የለመድኩት ምድር ባቡር ዎርክሾፕ ይሠራ ከነበረ አጎቴ ነው። ቱቦ ከመቁረጡ በፊት ሁልጊዜ ሦስት ነገር ይጠይቅ ነበር፦ ምን ያህል ይጠጣል? ስንት ሜትር ይሄዳል? ስንት ጊዜ ይታጠፋል? እኔም ከዚያ አልወጣም። በግማሽ ኢንች ቱቦ ላይ አንድ ኤልቦ፣ ማለትም የቱቦ መታጠፊያ፣ ግማሽ ሜትር ያህል ርዝመት እንደጨመረ ይቆጠራል። አምስቱ ሁለት ሜትር ተኩል ናቸው። ከ14ቱ ጋር 16 ሜትር ተኩል ይመጣል። እኔ 18 ብዬ እይዘዋለሁ። በዚያ ርዝመት ግማሽ ኢንች የብረት ቱቦ ወደ 32 ኪሎዋት ያደርሳል፤ በመንገድ የሚጠፋው ግፊት አንድ ሚሊባር ከሩብ አይበልጥም። ለ20ው በደንብ ይበቃል። ሁለተኛ ኦቨን የመጨመር ሐሳብ ካለዎት ግን ዛሬውኑ ሦስት ሩብ ኢንች ይዘርጉ። እሱ ከእጥፍ በላይ ያሳልፋል። ግድግዳ ሁለት ጊዜ ከመብሳት ይሻላል።

ረጅም ጎማ የሚሉትን ለምን እንደምቃወም ልንገርዎ። መጋላ ውስጥ ሳምቡሳ የምትጠብስ አንዲት እናት ቤት ተጠራሁ። ውስጡ 8 ሚሊሜትር የሆነ ጎማ 12 ሜትር ተጎትቶ ገብቷል። ግልጽ ቀጭን ጎማ በዩ ቅርጽ አጥፌ ውሃ ሞላሁበት፤ እንዲታየኝ ሻይ ጠብ አደረግሁበት። አንዱን ጫፍ ምድጃው አጠገብ አያያዝኩ፣ ሌላውን ክፍት ተውኩት። ሁሉም ጠፍቶ ሳለ በሁለቱ ወገን ያለው የውሃ ልዩነት 30 ሴንቲሜትር ነበር። አንድ ሴንቲሜትር ውሃ አንድ ሚሊባር ያህል ነው። ሁሉንም ሲያበሩት ውሃው ቀስ እያለ ወርዶ 19 ላይ ቆመ። ከሦስት እጅ አንዱ ግፊት ጎማው ውስጥ ቀረ ማለት ነው። የውስጡ ስፋት እጥፍ ቢሆን ኖሮ ኪሳራው ከ20 እጥፍ በላይ ይቀንስ ነበር።

እሳት ደከመ ማለት ዳቦ ዘገየ ማለት ብቻ አይደለም። ይህን በደንብ ያዙልኝ። ግፊቱ ሲወርድ ትንሹ እሳት ድርግም ሊል ይችላል። ከዚያ ትልቁን ሲያጠፉት ግፊቱ ተመልሶ ይመጣል። የጠፋው ምድጃ ግን ክፍት ነው፤ ያልተቃጠለ ጋዝ ይለቃል። ስለዚህ የሚገዙት መሣሪያ እሳቱ ሲጠፋ ጋዙን በራሱ የሚዘጋ መሆኑን ይጠይቁ።

የውሃ ፕላስቲክ ቱቦማ በፍጹም አይሆንም። ለጋዝ አልተሠራም፤ እሳት ቢነካው ይቀልጣል፣ ጋዙም መንገድ ያገኛል። ብረት ወይም መዳብ ይሁን። መሬት ውስጥም አይቅበሩት፤ ብረት እርጥበት ሲያገኘው ሳያዩት ይዝጋል። በውጭ ግድግዳ ላይ በክሊፕ እያሰሩ ይውሰዱት፣ ከኤሌክትሪክ ገመድም ያርቁት። ግድግዳ የሚሻገርበት ቦታ ላይ ሰፋ ባለ ሌላ ቱቦ ውስጥ ይለፍ። ጥርስ የወጣበት መገጣጠሚያ ሁሉ ለጋዝ የተሠራ ቴፍሎን ይጠቀለልበት። አንድ ቫልቭ ጓሮ ሲሊንደሩ ጋ፣ ሌላ አንዳንድ ቫልቭ ከኦቨኑና ከምድጃው በፊት ይግባ። ጎማ የሚፈቀደው መጨረሻ ላይ ብቻ ነው፤ ከአንድ ሜትር ተኩል ያልበለጠ፣ በሁለቱም ጫፍ በፋሸታ የታሰረ።

ሲሊንደሮቹ ቆመው ይቀመጡ። ካጋደሏቸው ፈሳሹ ወደ ሬጉሌተሩ ይገባል። የድሬን የቀትር ፀሐይ ያውቁታል፤ ጥላ ይሥሩላቸው። ሌባ ፈርተው የብረት ሳጥን ካሠሩ ከታች በኩል በደንብ የተበሳ ይሁን። ይህ ጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ ፕሮፔኑ አንድ ተኩል እጥፍ፣ ቡቴኑ ሁለት እጥፍ። ሲያፈስ ወደ ላይ አይወጣም። ክረምት ላይ የደቻቱን ወንዝ እንደሚሞላው ጎርፍ ዝቅተኛውን ቦታ ይፈልጋል። ስለዚህ ከፍሳሽ ጉድጓድ ያርቋቸው፤ ማዕድ ቤቱም ከወለሉ አጠገብ አየር ማስወጫ ይኑረው። ከላይ ያለው መስኮት ብቻውን አያድንም።

ሥራው ሲያልቅ ጋዝ ከመግባቱ በፊት መሣሪያዎቹን ለይቶ ቱቦውን በአየር ያስሞሉትና ይዝጉት። የግፊት መለኪያው ሳይንቀሳቀስ መቆየት አለበት። ጋዙ ከገባ በኋላ እያንዳንዱን መገጣጠሚያ የሳሙና አረፋ ይቀቡት። አረፋው ካበጠ ያፈሳል። ክብሪት ለኩሶ የሚፈትን ባለሙያ ካዩ በር ያሳዩት።

ጥያቄ፦ ሐረር ጀጎል ውስጥ የቆየ ጌ ጋር፣ ማለትም ባህላዊ የሐረሪ ቤት፣ ነው ያለን። ሲሊንደሩን ነደባው ሥር ጥግ ላይ ብናስቀምጠው ምን ችግር አለው?

መልስ፦ አለው። ነደባው ከፍ ያለ መቀመጫ ነው፤ ሥሩ ያለው ወለል ደግሞ የቤቱ ዝቅተኛ ቦታ ነው። ጋዝ ካፈሰ የሚተኛው እዚያው ነው፤ እናንተ ከላይ ተቀምጣችሁ ሽታው ዘግይቶ ይደርሳችኋል። ወደ ግቢው አውጡት። ለጊዜው ማውጣት ካልቻላችሁ በር አጠገብ ይሁን፤ ማታ ማታም ምድጃውን ብቻ ሳይሆን የሲሊንደሩን ራስ ዝጉ። የጎማውንም ቀን እዩ፣ ላዩ ላይ ታትሟል። ካለፈበት ወይም ስታጥፉት ከተሰነጣጠቀ ዛሬውኑ ቀይሩት።