ጅማ ላይ ከዜሮ በታች 27 ዲግሪ የምታሳይ መኪና

ከሄርማታ ሰፈር የደረሰኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ «መኪናዬ እ.ኤ.አ. የ2003 ስሪት ናት። የውጭውን ሙቀት የሚያሳየው ቁጥር በጠራራ ፀሐይ ከዜሮ በታች 27 ይላል፤ ጎማው ጉድጓድ ሲገባ ደግሞ ድንገት 9 ይሆናል። ኤሲውም ማቀዝቀዝ ትቷል። ባለፈው ክረምት የፊት ፓራውልቱ ተጋጭቶ ተጠግኖ ነበር። አንድ ጋራዥ ክሩስኮቱ (ከመሪው ፊት ቁጥሮቹ የሚታዩበት ሰሌዳ) በሙሉ ይቀየር አለኝ። ምን ይመክሩኛል?»

እባክዎ ክሩስኮቱን እንዳያስነኩ። ማሳያው የሚደርሰውን መረጃ ከማንበብ በቀር ሌላ ሥራ የለውም። ቁጥሩ ከዘለለም እያነበበ ነው ማለት ነው። ጥፋቱ ያለው መረጃው በሚነሣበት ቦታ ነው።

ከፊት ፓራውልቱ ጀርባ፣ ከራዲያተሩ ፊት ለፊት፣ የውጭውን ሙቀት የምትለካ፣ ሁለት ሽቦ ያላት ትንሽ ሴንሰር አለች። ሲበርድ የኤሌክትሪክ ተቃውሞዋ (ሬዚስታንሷ) ይጨምራል፣ ሲሞቅ ይቀንሳል። በብዙ የቶዮታ መኪኖች 25 ዲግሪ ላይ ከ1,600 እስከ 1,800 ኦም፣ 50 ዲግሪ ላይ ደግሞ ከ500 እስከ 700 ኦም ታሳያለች። የሌሎች አምራቾች ልኬት ይለያል፤ ጠባዩ ግን አንድ ነው። እንግዲህ ሶኬቱ ውስጥ ዝገት ገብቶ 1,000 ኦም ብቻ ቢጨምርበት፣ 25 ዲግሪ የነበረው ወደ 15 ወርዶ ይነበባል። ሽቦው ጨርሶ ከተበጠሰ ቁጥሩ ወደ መጨረሻው ብርድ ይወርዳል፣ ወይም ሰረዝ ብቻ ይታያል። በጣም የጋለ ቁጥር ካዩ ግን ሽቦዎቹ እርስ በርስ ተነካክተዋል፣ ወይም ሴንሰሯ ከቦታዋ ወጥታ ራዲያተሩ ላይ ተደግፋለች።

የእርስዎ ቁጥር ብርድ ነው፣ ጉድጓድ ላይም ይዘላል፣ ችግሩም ከፓራውልት ጥገና በኋላ መጣ። እኔ ሴንሰሯን ሳይሆን ሽቦውንና ሶኬቱን እጠረጥራለሁ። የላሜራ ሠራተኛ ፓራውልት ሲያወርድ ይህችን ቀጭን ሽቦ ሳያያት ይጎትታታል። የተረፈውን የእኛ ዝናብና ጭቃ ይጨርሰዋል።

ፍተሻውን ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ይጀምሩ። ብዙ መኪኖች የሞተሩ ግለት እንዳያታልላቸው ሲሉ ቁጥሩን ቶሎ ያወርዱታል እንጂ ቶሎ አይጨምሩትም፤ በሞቀ ሞተር የተሠራ ፍተሻ ጥሩውን መጥፎ ያስመስላል። ሶኬቱን ይንቀሉና አረንጓዴ ዝገት ወይም ውኃ መኖሩን ይዩ። ቢጫ ሶኬት ካጋጠመዎት ግን አይንኩት፤ የኤር ባግ መስመር ሊሆን ይችላል።

ከዚያ ቁልፉን ከፍተው በተነቀለው ሶኬት ሁለት እግሮች መካከል በቴስተር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) ይለኩ። 5 ቮልት አካባቢ ማግኘት አለብዎት። 12 ከሆነ የጡሩምባ ወይም የጭጋግ መብራት ሶኬት ነው የያዙት፣ ይተዉት። እዚህ ላይ ብዙ ወጣት ባለሙያዎች ይሳሳታሉ፦ 5 ቮልት ስላገኙ ሽቦው ደህና ነው ይላሉ። ቴስተር የሚወስደው ኤሌክትሪክ እጅግ ትንሽ ስለሆነ በዛገ ሽቦም 5 ቮልት ሊያሳይ ይችላል። ቁርጡን የሚነግርዎ ሁለቱን እግሮች በአጭር ሽቦ ማገናኘት ነው። ቁልፉን ዘግተው ያገናኙ፣ ከዚያ ይክፈቱ። መስመሩ ጤነኛ ከሆነ ቁጥሩ ወደ ከፍተኛ ሙቀት ይሮጣል ወይም ይጠፋል። በብርዱ ላይ ከቆመ ሽቦው መንገድ ላይ ተቆርጧል። ቁጥሩን እያዩ ሽቦውን ከሶኬቱ ጀምረው ወደ ውስጥ ቀስ እያሉ ያነቃንቁት፤ ቁጥሩ የዘለለበት ቦታ ጥፋቱ ነው።

የተበጠሰውን ጠምዝዞ ናስትሮ መጠቅለል አይበቃም፤ አንድ ክረምት አይሻገርም። በስታኞ ይበየድ፣ ውኃ በማያስገባ ላስቲክ ይሸፈን፣ ከፓራውልቱም ጋር ሳይወጠር ይታሰር።

ሴንሰሯን ለመፈተን ከጭማቂ ቤት ትንሽ በረዶ ይበቃል። በክፍሉ ሙቀት ይለኳት፣ ከዚያ በረዶ ባለበት ውኃ ውስጥ ጫፏን ነክረው ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ። ተቃውሞዋ ከእጥፍ በላይ መውጣት አለበት። ካልተንቀሳቀሰች ትቀየር።

ኤሲው አብሮ መቆሙ አያስገርምም። አውቶማቲክ ኤሲ ያላቸው ብዙ መኪኖች ውጭው በጣም ቀዝቃዛ ነው ብለው ካመኑ ኮምፕሬሰሩን (የኤሲውን ጋዝ የሚገፋውን ፓምፕ) አያስነሡም። ስለዚህ ሽቦው ሳይስተካከል ማንም ጋዝ ልሙላ ቢልዎት አይፍቀዱ። ከጥገናው በኋላ እስከ ጅሬን ድረስ ነድተው ቁጥሩ ተረጋግቶ መቀመጡን ይዩ። ወደ አዲስ አበባ ሲሄዱም የግቤን ቁልቁለት ሲወርዱ ቁጥሩ በግልጽ መጨመር አለበት። ቁጥሩ ትክክል ሆኖ ኮምፕሬሰሩ አሁንም ካልተነሣ፣ የጋዙን ግፊት ማስለካት ያን ጊዜ ነው።