ጠ እና ቀ ማይክ ላይ ይፈነዳሉ?

ጥያቄ፦ መጻሕፍትን በድምፅ አነባለሁ። ስቱዲዮ ውስጥ የሚቀርጸኝ ባለሙያ «ጠ እና ቀ ፈንጂ ስለሆኑ ማይኩን ይመቱታል፤ ለስለስ አድርጊያቸው» ይለኛል። ልክ ነው?

መልስ፦ በጭራሽ አያለስልሷቸው! «መጣ» ሲለሰልስ «መታ» ይሆናል። «ቀሰሰ» ያሉት ሰውዬም «ከሰሰ» ይሆንና ታሪኩ ይበላሻል።

ስህተቱ የመጣው ከስያሜው ይመስለኛል። የሰዋስው መጻሕፍት ጠ፣ ጨ፣ ቀ፣ ጸ እና ጰን «ፈንጂ» ይሏቸዋል። ቃሉ ከ«ፈነዳ» የወጣ አድራጊ ስም ነው። «ፈረደ» ብሎ «ፈራጅ» እንደሚባል ሁሉ እዚህም ደ ወደ ጀ ተለውጧል። ስያሜውን አልወደውም፤ ግን ትምህርት ቤቱ ይዞታል፣ ምን ይደረግ። ፍንዳታ ካለ ነፋስ አለ ብለው የሚከራከሩ አሉ። የለም! ፈንጂ ድምፅ ሲወጣ ጉሮሮ ዝግ ነው። የሳንባ አየር አይወጣም። የሚወጣው በጉሮሮና በአፍ መካከል የታፈነው ጥቂት አየር ብቻ ነው። መዳፍዎን አፍዎ ፊት ያድርጉና መጀመሪያ «ጳ»፣ ቀጥሎ «ፓ» ይበሉ። ነፋሱ ያለው «ፓ» ላይ ነው። ማይኩን «ቡፍ» የሚያሰኙት ፐ እና ፈ፣ አንዳንዴም በ ናቸው።

ባለሙያው ሙሉ በሙሉ ተሳስቷል ማለት ግን አይደለም። ጥ እና ቅ ሹል ስለሆኑ የድምፅ መጠን መለኪያው ላይ ዘለል ይላሉ። ለዚህ መድኃኒቱ ጌይኑን፣ ማለትም የማይኩን ድምፅ የማጉላት መጠን፣ ዝቅ ማድረግ ነው፤ ጮክ ሲሉ እንኳ የመለኪያው ጣሪያ የሆነው ዜሮ ላይ ለመድረስ 6 ዴሲቤል ያህል ይቅረው። ለፐ እና ለፈ ደግሞ ማይኩን ከአፍዎ አንድ ስንዝር ያህል ያርቁት። ፊት ለፊት አይደቅኑት፤ ወደ ጎን ፈቀቅ አድርገው ፊቱን ወደ አፍዎ ያዙሩት። ነፋሱ በአጠገቡ ያልፋል። መሃል ላይ ፖፕ ፊልተር፣ ማለትም ነፋሱን የሚያበርድ ስስ መከለያ፣ ይግባ። በጣም መጠጋትም አያስፈልግም፤ ባለ አንድ አቅጣጫ ማይክ ሲጠጉት ድምፅ ያወፍራል።

ጰ ከተነሳ አይቀር አንድ ነገር ልበል። ጰ በብዛት የሚገኘው እንደ «ጳጳስ» እና «ጴጥሮስ» ባሉ ከግሪክ በመጡ ቃላት ነው። «ኢትዮጵያ»ም በእሱ ትጻፋለች። ዛሬ ግን በፕ የሚጠሯት በዝተዋል፤ ጥሩ አንባቢዎችም ጭምር። ለጆሮዬ በጵ ስትባል ነው የምታምረኝ። አጠራሩ ግን ስለሰፋ ስህተት ነው ልል አልችልም። እርስዎም በፕ የሚሏት ከሆነ እዚያች ቃል ላይ ፊትዎን ከማይኩ ትንሽ ዞር ያድርጉ።