ሰዓቴ እርምጃ ይቆጥራል፣ መልእክት ግን አያሳየኝም

ጥያቄ፦ ሰላም እንዴት ናችሁ? ሐረር መኪና ግርግር ልብስ ሰፊ ነኝ። ሰፈሩን የሚያውቅ ያውቀዋል፣ የስፌት መኪኖቹ አንዴ ከተነሱ ስልክ ቢጮህ ማን ይሰማዋል። ደንበኛ ደውሎ ደውሎ ይተወኛል። ገንዘብ ልኬያለሁ ብሎ መልእክት ቢጽፍም የማየው ማታ ቤት ገብቼ ነው። እጄ ላይ ቢነዝረኝ ይሻላል ብዬ ድሬ ወርጄ ከታይዋን ገበያ ስማርት ሰዓት ገዛሁ። ስልኬ ቴክኖ ነው፣ አንድሮይድ 13። በብሉቱዝ አገናኘሁት፣ ሲደወል ይነዝራል፣ እርምጃም ይቆጥራል። ኤስኤምኤስና ቴሌግራም ግን ጭራሽ። ወንድሜ አፑን በዜንደር ልኮልኝ ጫንኩት። ኖቲፊኬሽን ፍቀጂ የሚል ቦታ ይወስደኛል፣ ልነካው ስል ግራጫ ሆኖ እምቢ ይላል። ሻጩ ጋ ብደውል «ከስልክሽ ጋር አይስማማም፣ ጨምረሽ ሌላ ለውጪ» አለኝ። እውነቱን ነው?

መልስ፦ አቦ፣ አንዲት ብር እንዳትጨምሪለት! (ድሬ ነን፣ አንቺ ስልሽ አትቀየሚኝም መቼም።) በእውነት የማይስማማ ሰዓት አለ፣ ከታች ባለው ጥያቄ እመጣበታለሁ። ያንቺ ግን ሲደወል ከነዘረ ከስልክሽ ጋር ተግባብቷል ማለት ነው። የጎደለው ሌላ ነገር ነው።

ሰዓቱ ስለ መልእክትሽ የሚያውቀው ነገር የለም። ሲም ካርድ የለው፣ ቴሌግራም የለው። ስልክሽ ላይ የተጫነው የሰዓቱ አፕ ነው ኖቲፊኬሽኑን ከስልኩ ላይ እያነበበ በብሉቱዝ ወደ እጅሽ የሚልከው። አፑ ከሌለ፣ ወይም ኖቲፊኬሽን እንዲያነብ ካልተፈቀደለት፣ ሰዓቱ ጊዜ ከመንገርና እርምጃ ከመቁጠር ሌላ ሥራ የለውም። ጥሪው ግን በሌላ መንገድ ስለሚመጣ ለብቻው ሠራልሽ። ጥሪ የሚቀበሉ ርካሽ ሰዓቶች አብዛኛውን ጊዜ ብሉቱዝ ላይ በሁለት ስም ነው የሚወጡት፣ አንዱ ለድምፅ፣ ሌላው ለአፑ። አንቺ ከስልኩ የብሉቱዝ ዝርዝር ገብተሽ ያገናኘሽው የድምፁን ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ስልክሽ ሰዓቱን እንደ ጆሮ ማዳመጫ ነው ያየው።

አሁን ወደ ግራጫዋ እንምጣ፣ ዋናው ጉድ እሷ ናት። አንድሮይድ 13፣ በፈረንጅ 2022 የወጣው፣ አንድ አዲስ አጥር ይዞ መጣ። ከፕሌይ ስቶር ሳይሆን በፋይል የተጫነ አፕ ኖቲፊኬሽን ላንብብ ሲል ስልኩ «ሪስትሪክትድ ሴቲንግ» ብሎ ይዘጋበታል። ወንድምሽ በዜንደር የላከልሽ ደግሞ ልክ እንደዚያ ያለ ፋይል ነው። ሰዓቱም ስልኩም አልተበላሹም፣ በሩ ነው የተቆለፈው። የተቆለፈውም ያለ ምክንያት አይደለም። ይህን ፈቃድ ያገኘ አፕ የሚመጣልሽን ሁሉ ያነባል፣ ባንክሽ የሚልከውን የማረጋገጫ ቁጥር ሳይቀር። ስለዚህ ከየት እንደመጣ ለማይታወቅ ፋይል ይህን በር መክፈት አልወድልሽም።

የወንድምሽን አፕ አጥፊው። ከዚያ ሰዓቱ ራሱ ላይ ሴቲንግ ውስጥ ገብተሽ ኪው አር ኮድ ፈልጊ፣ በስልክሽ አንሺው፣ የትኛው አፕ እንደሆነ ይነግርሻል። ዳ ፊት ሊሆን ይችላል፣ ፊትፕሮ ሊሆን ይችላል፣ ስሙ ብዙ ነው። ያንን ስም ከፕሌይ ስቶር ፈልገሽ አውርጂ። ሳጥኑ ላይ ያለውን ኮድ አትመኚ። እኔ አንድ ጊዜ በሳጥኑ ኮድ ያወረድኩት አፕ ሰዓቱን አላገኝም እያለ ሦስት ቀን ስታገለው ከረምኩ፣ ለካ ሳጥኑ የሌላ ሰዓት ኖሯል። ሻጩ ሰዓቱን ከአንዱ ሳጥን ወደ ሌላው ሲያገላብጥ ዓይኔ እያየ ዝም ማለቴ ነው የሚያናድደኝ።

ፕሌይ ስቶር ላይ ጭራሽ ከጠፋና ፋይሉን ከማመን ሌላ ምርጫ ካጣሽ፣ መጀመሪያ ፈቃዱን ለመስጠት ሞክሪና ይከልክልሽ። ከዚያ የአፑን ኢንፎ ክፈቺ፣ ከላይ ጥግ ላይ ሦስት ነጥብ አለች፣ እሷን ስትነኪ «አላው ሪስትሪክትድ ሴቲንግስ» የሚል ይመጣል። ሳትከለከዪ በፊት አትታይም፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሸወደው። በሰዓቱ አፕ ፋንታ የሚሠራ ጋጀትብሪጅ የሚባል ነፃ አፕም አለ፣ ከኤፍ ድሮይድ (የነፃ አፖች ስቶር ነው) የሚወርድ፣ አካውንት ክፈቱ የማይል። የሻዎሚና የአማዝፊት ሰዓት ላለው ሰው ጥሩ ነው። ስም የለሽ ሰዓት ግን አንዱን ያውቀዋል፣ አንዱን አያውቀውም።

አፑ ሲገባ ሰዓቱን ከስልኩ የብሉቱዝ ዝርዝር ላይ «ፎርጌት» በይው። ከዚያ ከአፑ ውስጥ ሆነሽ እንደገና ጨምሪው፣ የድምፁን ከዚያ በኋላ ታገናኚዋለሽ። ቀጥሎ የስልኩ ሴቲንግ ላይ ባለው መፈለጊያ «ኖቲፊኬሽን» ብለሽ ጻፊና ኖቲፊኬሽን እንዲያነቡ የተፈቀደላቸውን አፖች ዝርዝር ክፈቺ፣ የሰዓቱን አፕ አብሪ። አላለቀም። ወደ አፑ ተመልሰሽ ኤስኤምኤስንና ቴሌግራምን ለየብቻ አብሪያቸው፣ ብዙዎቹ አፖች ሲመጡ ሁሉንም ዘግተው ነው የሚመጡት።

ሌላም አለ። ዛሬ ሠርቶልሽ ነገ ጠዋት ዝም ካለ ባትሪው ነው። ቴክኖም ሆነ ኢንፊኒክስ ባትሪ ለመቆጠብ ከጀርባ የሚሠራ አፕ ይገድላሉ፣ አፑ ሲሞት ሰዓቱም አብሮት ይደነቁራል። የአፑ ኢንፎ ውስጥ ባትሪ የሚለውን «አንሪስትሪክትድ» አድርጊው፣ አውቶስታርት የሚል ካለም ፍቀጂለት። አፖችን ጠራርገሽ የመዝጋት ልማድ ካለሽ ደግሞ ይቺን አፕ ተያት።

ሁሉም ሲሳካ አንድ ነገር ያስደነግጥሻል፣ አስቀድሜ ልንገርሽ። ከሌላ ስልክ ወደ ራሴ «ቀሚሱ ደረሰ? 500 ብር ልኬያለሁ» ብዬ ላኩ። እጄ ነዘረ። ሰዓቱን ባየው በተርታ ባዶ ሳጥን፣ ከሳጥኖቹ መሃል አንድ የጥያቄ ምልክት፣ ቀጥሎ 500፣ ከዚያ እንደገና ሳጥን በሳጥን። ሰዓቱ ፊደላችንን አልያዘም። የኢትዮጵያ ፊደል በፈረንጅ ከ1999 ጀምሮ ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም ፊደላት መዝገብ ውስጥ አለ፣ ስልክሽም አሳምሮ ያነበዋል፣ ርካሽ ሰዓት ግን ጠባብ ሜሞሪው ላይ የላቲንና የቻይና ፊደል አጭቆ የኛን ትቶታል። ይህን በሴቲንግ አታስተካክዪውም። የደንበኞችሽን ስም በእንግሊዝኛ ፊደል መዝግቢ፣ ማን እንደላከ ታያለሽ። ቁጥሩ እንደሆነ ይነበባል፣ መኪናው ላይ እግርሽን ሳታነሺ 500ውን ካየሽ የቀረውን ማታ ታነቢዋለሽ።

ጥያቄ፦ አሜሪካ ያለው አጎቴ አፕል ዋች ላከልኝ፣ ስልኬ ሳምሰንግ ነው። መላ አለው? ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ።

መልስ፦ የለውም ወንድሜ። የማይስማማ ያልኩት ይሄን ነው። አፕል ዋች አይፎን ካላገኘ ሥራ አይጀምርም፣ አገናኝልሃለሁ የሚል አፕ ካየህም ገንዘብህን ያዝ። ሳምሰንግም ቢሆን ብድሩን መልሷል፣ በ2021 ከወጣው ጋላክሲ ዋች 4 ጀምሮ ያሉት ሰዓቶቹ ከአይፎን ጋር አይሠሩም። የሚያስቀው፣ የታይዋኑ ስም የለሽ ሰዓት ከሁለቱም ጋር መሄዱ ነው። አይፎን ከ2013 ጀምሮ፣ ከአይኦኤስ 7 ማለት ነው፣ ኖቲፊኬሽኑን ለሌላ የብሉቱዝ ዕቃ የሚያካፍልበት መንገድ ስላለው ርካሾቹ በዚያ ይገባሉ። አይፎን ይዛችሁ መልእክት የማይመጣላችሁ፣ ብሉቱዝ ውስጥ ከሰዓቱ ስም ጎን ያለችውን «i» ፊደል ነክታችሁ «ሼር ሲስተም ኖቲፊኬሽንስ» መብራቱን እዩ።

አንተ አይፎን ላለው ሰው ሽጠውና ለሳምሰንግህ የሚሆን ግዛ። ግን አጎትህ ራሱ እጁ ላይ አድርጎት ከነበረ ከመሸጥህ በፊት ደውልለት። ሰዓቱን ከራሱ የአፕል አካውንት ላይ ያውጣው። አለዚያ የገዛህ ሰው ሲያበራው የአጎትህን ፓስዎርድ ይጠይቀዋል፣ ማታ ደግሞ ያንተን በር ያንኳኳል።